ድምፅ ሰጪው አዛውንት

በዓመታዊው የፊልም ሽልማት ሰሞን፣ አሸናፊዎቹን የምንመርጥ እኛ ድምፅ ሰጪዎች ፊልም በምናይበት የሎስ አንጀለስ አዳራሽ፣ አጠገቤ የሚቀመጡ አንድ የቀድሞ ተዋናይ አሉ። ከላይ የሐር ከረባት ያስራሉ፤ ከታች ነጠላ ጫማ ያደርጋሉ። ፊልሙ ሲጀመር ያንቀላፉና ጩኸት ሲሰሙ ይነቃሉ።

«ይሄ ልጅ ለፊልሙ ብሎ ስንት ኪሎ ቀነሰ?» ይሉኛል።

«ሃያ ነው አሉ።»

«በቃ፣ ተዋናይ ማለት እሱ ነው!»

ትናንት ግን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። አንዲት ተዋናይት ባሏ ያልመጣበትን እራት ዝም ብላ ከጠረጴዛ ስታነሳ፣ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ዘንድሮ ድምፅዎ የእሷ ነዋ?» አልኳቸው።

«ለምኑ ብዬ?» አሉ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «እሷ መቼ ተወነች? የሚስቴን ነፍስ ይማረውና፣ ቁርጥ እሷን ሆነች እንጂ!»