የሳራዳምባል ወተት

ፔቺያማል በደቡብ ሕንድ፣ በኮቪልፓቲ ከተማ፣ በሴንባጋ ሲኒማ ቤት የሴቶች በር ላይ ትኬት መቅደድ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ በፊት ክብሪት ፋብሪካ ነበረች። እናቷ ስትሞት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟን በክብሪት አሳድጋ፣ ድራ፣ ልጅ ሲወልድ አይታለች። እሷ ራሷ ሳታገባ ቀረች። ለምን እንደሆነ የሚጠይቃት ሰው አንዴ ከጠየቀ ሁለተኛ አይጠይቅም።

በሯ አጠገብ መደገፊያዋ የተሰበረ የብረት ወንበር አለቻት። ተመልካቹን አስገብታ ስትጨርስ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ እዚያው ሆና ፊልሙን ታያለች። ፊልም በቀን አራት ጊዜ ይታያል፤ የቀናው ደግሞ ሦስትና አራት ሳምንት ይቆያል። እንግዲህ አንዱን ፊልም ስንት ጊዜ እንደምታየው አስቡት። ትልቁ ከተማ ቼናይ ያሉት ሐያሲዎች አንዴ አይተው አንድ ገጽ ይጽፋሉ። እሷ ሰባ ጊዜ አይታ ዝም ትላለች፤ እስኪጠይቋት ድረስ።

ሰባ ጊዜ ያየ ሰው ዓይኑ ጀግናው ላይ አይቆይም። በመጀመሪያው ቀን ማንም የሚያየው ጀግናውን ነው፤ በሳምንቱ ግን ከጀግናው ኋላ የቆሙትን ማየት ይመጣል። የሚነገረውን በእርግጥ የሚሰማው ማን እንደሆነ፣ ተራው እስኪደርስ ቆሞ የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ይለያል። የፔቺያማል ሚዛን ይኸው ነው። «ሲናገርማ ማንም ይተውናል፤ ሲያዳምጥ አሳዩኝ» ትላለች።

በዚህ ሚዛን አንደኛ የምትወጣላት ሳራዳምባል ናት። ሳራዳምባል ሁልጊዜ እናት ሆና ነው የምትጫወተው፤ የጀግናው እናት። አብዛኛውን ጊዜ ከእረፍት በፊት ትሞታለች፣ ልጇ ደሟን ሊመልስ ይምላል፣ ከዚያ በኋላ የሚያስታውሳት የለም። በየዓመቱ የወርቅ ኩራዝ ሽልማት እጩዎች ዝርዝር በጋዜጣ ሲወጣ፣ ከሲኒማ ቤቱ ፊት ለፊት ሻይ የሚሸጠው ቼላዱራይ ጮክ ብሎ ያነብላታል፤ ፔቺያማል ፊደል ቆጥራለች እንጂ ጋዜጣ አይሆንላትም። በእያንዳንዱ ስም ላይ ፍርዷን ታሳልፋለች። ያኛው የታጨው በጸጉሩ ነው። ይቺኛዋ ታለቅሳለች፣ ግን እያለቀሰች ካሜራው የት እንዳለ አትረሳም። ዳይሬክተሩ ጎበዝ ነው፣ ዝናብ ግን አበዛ። ዝርዝሩ ሲያልቅ «ሳራዳምባልስ?» ትላለች። ቼላዱራይ ጋዜጣውን እያጠፈ «የለችም፣ እትዬ ፔቺ» ይላል። ይህ ንግግር አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይለወጥበት ቆይቷል።

«አስከሬኗን አሥራ ስምንት ጊዜ ሲያቃጥሉ አይቻለሁ» ትላለች ያኔ፤ «ስሟን ሲጠሩ ግን አንዴ አልሰማሁም።»

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከሌላው ዓመት ተለየባት። ሳራዳምባል በአዲሱ ፊልም የክብሪት ሠራተኛ ሆና መጣች። ፔቺያማል በመጀመሪያው ቀን መጋረጃውን ገልጣ ስታይ የሴትዮዋ ጣቶች እንጨቶቹን ሳይቆጥሩ ዘግነው፣ ቀፎው ውስጥ ከትተው፣ በአውራ ጣት ጫፉን አስተካክለው፣ በመዳፍ ጠርዝ ገጭ አድርገው ዘጉት። ዓይኗ ቀፎው ላይ አልነበረም፤ ልጇ ላይ ነበር። ይህን ከመጽሐፍ አይማሩትም። ወር ሙሉ ከሴቶቹ ጎን ካልተቀመጡ በቀር አይመጣም።

ከዚያ ደግሞ የወተቱ ትዕይንት አለ። ጀግናው ልጅ እያለ እናቱ ያቀረበችለትን ወተት ይጠጣና ተነስቶ በሩ ላይ ይቆማል፤ ካሜራውም እሱን ይከተላል። እናትየዋ ከኋላ፣ በስክሪኑ ዳር፣ ደብዘዝ ብላ ትታያለች። ባዶውን ብርጭቆ አንስታ ጠብታ ውሃ ታደርግበታለች፣ ታዞረዋለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ እለቅላቂውን ትጠጣለች። ከዚያ ወደ ክብሪቷ ትመለሳለች። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ፔቺያማል መጋረጃውን ለቀቀችና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የእረፍት ሰዓት ደርሶ በሩን መክፈት እንኳ ረሳች፤ ሴቶቹ ከውስጥ እየደበደቡ ነው ያስታወሷት።

ማንም እኛን የክብሪት ሴቶቹን አላየንም ብላ ነበር የምታስበው። እነሆ አንድ ሰው መጥቶ፣ አይቶ፣ ሳይረሳ ሄዷል። በማግስቱ ወደ ሴት አምላኳ ወደ ሴንባጋቫሊ ቤተ መቅደስ ሄዳ ተሳለች፦ የሳራዳምባል ስም በእጩዎቹ ዝርዝር ከተጠራ፣ ለወንዶቹ እንደሚደረገው ሁሉ በሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ወተት አስፈስስላታለሁ።

ለወንዶቹ የሚደረገውን የሚያደርገው የገዛ ወንድሟ ልጅ ማዳሳሚ ነው። ማዳሳሚ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት፣ የኦቾሎኒ ከረሜላ ሱቅ ሻጭ፣ ከዚያም በላይ የጆቲራጃን አድናቂዎች ማኅበር የኮቪልፓቲ ሊቀ መንበር ነው። የዚያ የክብሪቱ ፊልም ጀግና ጆቲራጃን ነው። ፊልም በተከፈተ ቀን ከጣውላ ተቆርጦ የተሳለ ቁመናውን፣ ቤት የሚያህለውን፣ በሲኒማ ቤቱ ፊት ያቆሙና መሰላል ወጥተው ከራሱ ላይ ወተት ያፈሱበታል፤ ከበሮ ይመታል፣ ኮኮናት ይሰበራል። ለእጩነትም እንዲሁ ሊያደርጉ አስበዋል። ዘንድሮ የጆቲራጃን መታጨት አይቀርም፤ ለማዳሳሚ ቼናይ የሚያውቀው ሰው ስልክ ደውሎ ነግሮታል። ወሩ የሠርግ ወር በመሆኑ ከበሮ መቺ ስለማይገኝ፣ ወተቱም ከዋዜማው መታዘዝ ስላለበት፣ ማዳሳሚ ዝርዝሩ ሳይወጣ ሁሉንም አዘዘ። ከበሮ ከነመቺው፣ አዲስ ጣውላ፣ አርባ ሊትር ወተት።

ቼላዱራይ ሻይ እየቀዳ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለው። ማዳሳሚ አልሰማውም፤ በዚያ ሰሞን ማንንም አይሰማም ነበር።

ፔቺያማል ሰው የማስቸገር ልማድ የላትም። ቢሆንም ስእለት ስእለት ነውና፣ ሐሙስ ዕለት ልጁን ከጓደኞቹ መሐል ጠርታ፣ ምናልባት የሳራዳምባል ስም ከተጠራ ከአርባው አንዷን ሊትር ብቻ እንዲተውላት ጠየቀችው።

ማዳሳሚ ሳቀ። ክፋት የለውም፤ ጓደኞቹ እየሰሙት ስለነበር ነው። «አክስቴ ሙች፣ እናት ወተት ትሰጣለች እንጂ ይፈስላታል እንዴ?»

ጓደኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አንዱ እየደጋገመ ለሚመጣው ሁሉ ነገረው። ፔቺያማል ወደ ወንበሯ ተመለሰች፤ ከፍቷት ዋለች። ማታ በሩን ዘግታ ወደ ቤቷ ሄደች።

ዝርዝሩ የሚነገረው ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር። ቼላዱራይ ቴሌቪዥኑን ከቤቱ አውጥቶ ቫዳይ የሚባለውን የምስር ቂጣ ከሚጠብስበት መጥበሻ አጠገብ አቆመው። የማኅበሩ ልጆች የጆቲራጃን ፊት የታተመበት ካናቴራ ለብሰው ከፊት ተደረደሩ። ጣውላው ቆሟል፤ አበባው ተንጠልጥሏል፤ የወተቱ ገንቦዎች በግድግዳው ጥላ ሥር ናቸው፤ ከበሮ መቺዎቹ ከሲኒማ ቤቱ ጓሮ ምልክት ይጠብቃሉ። ፔቺያማል ከኋላ የሻይ ቤቱን ዳስ ምሰሶ ይዛ ቆመች።

መጀመሪያ የድምፅ፣ ከዚያ የልብስ እጩዎች ተነገሩ። ቀጥሎ በደጋፊ ተዋናይትነት የታጩ አምስት ሴቶች ተጠሩ። ሁለተኛዋ ሳራዳምባል ነበረች።

ፔቺያማል አልጮኸችም። ምሰሶውን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልማዷ የተነሳ፣ በፊቷ ያለው ጋዜጣ ሳይሆን ቴሌቪዥን መሆኑን ረስታ፣ «እስቲ ደግመህ አንብብልኝ» አለችው ቼላዱራይን። ቼላዱራይ የሚያነበው ነገር አልነበረውም። ግን ጭልፋውን አስቀምጦ፣ ፊቷን እያየ፣ «ሳራዳምባል፣ እትዬ ፔቺ። ሳራዳምባል» አላት። እንባዋ መጣ፤ በሳሪዋ ጫፍ ጠረገችው።

የዋናው ተዋናይ ተራ ደረሰ። አምስት ስም ተጠራ። ጆቲራጃን የለም። ልጆቹ ስድስተኛ ስም ያለ ይመስል አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ፤ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ። በዚህ መሐል አንዱ በንዴት ጮኸ፤ ጓሮ ያሉት ከበሮ መቺዎች ጩኸቱን የደስታ መስሏቸው ይመቱት ጀመር። እስኪያስቆሟቸው ድረስ ከተማው ሁሉ ጆቲራጃን ታጨ ብሎ ነበር። አንዱ አውራ ጎዳናው ላይ እንቀመጥ አለ፤ ሌላው ቻናሉን ሰደበ። ማዳሳሚ ግን ውሃ የገባች አይጥ መስሎ ገንቦው አጠገብ ተቀመጠ። ላልታጨ ሰው ወተት ማፍሰስ ማላገጥ ነው፤ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ፀሐዩም ወደ ግድግዳው ሥር እየገባ ነበር።

ፔቺያማል መጣችና አንድ ቅል ወተት ቅዳልኝ አለችው። ቀና ብሎ ሳያያት ቀዳላት። የሳራዳምባል ጣውላ በኮቪልፓቲ የለም፤ ከኮቪልፓቲ ውጭም ይኖራል ብዬ አላስብም። ያለችው በሴቶቹ በር በተለጠፈው ማስታወቂያ ጥግ፣ ከጆቲራጃን ክርን ሥር ነው፤ ፊቷ አውራ ጣት ያህላል። ፔቺያማል ፊት ለፊቷ ቆማ ቅሉን እስከ ግንባሯ አነሳች።

እጇ ግን እምቢ አለ። ያቺ ሴት የብርጭቆ እለቅላቂ የጠጣች ናት። በእሷ ስም ወተት ግድግዳ ላይ ሊደፋ ነው? ፔቺያማል ቅሉን ዝቅ አደረገች። ስእለቷን እያሰበች ፈራችም፤ የአማልክት ነገር ቀልድ አይደለም። በዚያ ላይ ማኅበርተኞቹ እያዩዋት ነው።

ቅዳሜ ክብሪት ፋብሪካው በግማሽ ቀን ይለቃል። ሴቶቹ ለቀኑ ፊልም በመንገዱ መምጣት ጀምረው ነበር፤ ጸጉራቸው ላይ አበባ፣ ጣታቸው ላይ የማይለቅ የክብሪት ቀለም። ፔቺያማል አየቻቸውና ወደ ማዳሳሚ ዞረች።

«ቼላዱራይ ይቀቅለው» አለችው።

«ስእለትሽስ?»

«ስእለቱ የኔ ነው፤ ከሴንባጋቫሊ ጋር እኔ እጨርሰዋለሁ። አንተ ገንቦውን አምጣ።»

ወተቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ መርጋቱ አይቀርም። ልጆቹ ተሸከሙት። ቼላዱራይ ሁለት ትልልቅ ድስት ጥዶ ስኳርና ሄል ጨመረበት። ሴቶቹ በሴቶቹ በር እንደሚሰለፉት ተሰለፉ፤ የጆቲራጃንን ካናቴራ የለበሱት ልጆች እየቀዱ አደሏቸው። የማን ድግስ ነው ብለው ጠየቁ። የሳራዳምባል ነው አለቻቸው። ሳራዳምባል ማናት አሉ። ፔቺያማል በጣቷ የማስታወቂያውን ጥግ አሳየች።

«እናትየዋ!» አለች አንዷ። «ስም አላት ለካ።»

ስሟ ያኔ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። የሰልፉ መጨረሻ ላይ የነበሩት ብርጭቆውን ሲቀበሉ «የሳራዳምባል» እያሉ ነበር። ፔቺያማል አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ለእሷ የሚጠጣ አልተረፈም። ሴቶቹ ገብተው፣ ፊልሙ ተጀምሮ፣ ደጃፉ ጭር ሲል፣ የመጨረሻውን ገንቦ አነሳችና ጠብታ ውሃ ጨመረችበት። አዞረችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ እለቅላቂውን በቅሉ ጠጣች። አስባ አይደለም፤ ድሮም እንዲሁ ነው የምታደርገው።

ማዳሳሚ መሰላሉን ሊያወርድ መጥቶ ቆሞ ያያት ነበር።

«አክስቴ» አላት፣ «እዚያ ፊልሙ ላይ… ብርጭቆውን ስታለቀልቅ። እያጠበችው መስሎኝ ነበር እኮ። አሥራ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ።»

ፔቺያማል ገንቦውን በአፉ ደፍታ አስቀመጠች።

«አባትህም» አለችው፣ «እያጠብኩት ይመስለው ነበር።»