ሽማግሌውን ከፊት ያስቀመጥኩበት ሸርተቴ

የራሳችሁ ባልሆኑ ልጆች ጉዳይ ሳምንቱን ሙሉ ተቁነጥንጣችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ደርሶብኛል።

ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ኖርዌይ ኦስሎ ከተማ፣ ግሮንላንድ የሚባል ሰፈር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች አማርኛ አስተምር ነበር። አብዛኞቹ ግሮሩድ የሚባል ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት ነበር የሚማሩት። አንድ ቅዳሜ አኩርፈው መጡ። ትምህርት ቤታቸው «አከዳግ» የሚለው ቀን ደርሶ ነበር፤ ተማሪው ሁሉ በሸርተቴ በረዶ ላይ የሚወርድበት ቀን ማለት ነው። የእኛዎቹ ግን በየዓመቱ «አሞኛል» እያሉ ቤት ይቀራሉ። ወላጆቻቸው አንገታቸው ይሰበራል ብለው ይፈራሉ።

ወላጆቹ የሚሰሙት አንድ ሰው ነበሩ፤ የጉባኤያችን ሽማግሌ፣ ሆስፒታል የሚሠሩ ደልደል ያሉ ሰው። ወላጆቹን እንዲያግባቡልኝ ሄጄ ለመንኳቸው።

«መጀመሪያ እኔ ራሴ ልየው» አሉ። «ካልጣመኝ ግን ይቀራል።»

ለእሑድ ተቀጣጠርን። እስከዚያ አላረፍኩም። በረዶው እንዳይቀልጥ በየሰዓቱ መስኮት ላይ ነበርኩ፤ ምን ብዬ እንደማስረዳቸውም በቅደም ተከተል አጠናሁ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ የሜትሮ ባቡሩ መስመር የሚያልቅበት ኮረብታ ድረስ ወጣን። መንገዱን ሙሉ ለፈለፍኩ።

«ጋሼ፣ ድሮ ከየአገሩ የመጡ ተወዳዳሪዎች እዚሁ ኮረብታ ላይ ቦብስሌይ በሚባል የሁለት ሰው ሸርተቴ ይሽቀዳደሙ ነበር። ሁለቱም እየሮጡ ይገፉታል፣ ከዚያ ዘለው ይገባሉ። የፊተኛው ይነዳል፣ የኋለኛው ፍሬን ይይዛል። ያኔ የክብደት ገደብ ስላልነበረ ወፍራሞቹ ይፈጥኑ ነበር።»

ሆዳቸውን መታ መታ አደረጉ። «ታዲያ የኔን ሜዳሊያ ማን ወሰደው?»

አናት ላይ ባለመሪ ሸርተቴ ተከራየሁ።

«ይግቡ ጋሼ፣ ከፊት።»

«ኧረ አንተ ግባ።»

«እርስዎ እያሉ? በጌታ አይሆንም!»

ተገባበዝን፣ ተግደረደርን፣ በመጨረሻ እሳቸው ከፊት ተቀመጡ። ከፊት የሚቀመጠው ነጂው መሆኑን ያስታወስኩት ሸርተቴው መንሸራተት ሲጀምር ነው። ጋሼ ደግሞ ብስክሌት እንኳ ነድተው አያውቁም።

«መምህር! ይኼን መሪ ምን ላድርገው?»

«ወደ ግራ! ወደ ግራ ይበሉ!»

ፍሬኑ የእኔ ተረከዝ ነበር። ተረከዜን በረዶው ላይ አጥብቄ ለመትከል ግን ወገባቸውን መያዝ ነበረብኝ። እኔ የያዝኩት የካፖርታቸውን ጫፍ ብቻ ነው፣ ያውም በሁለት ጣት። መታጠፊያው ላይ ካፖርቱ ከእጄ አመለጠና በረዶው ውስጥ ቀረሁ። ጋሼ ብቻቸውን ሄዱ። «ኢየሱስ! ኢየሱስ!» የሚለው ድምፃቸው ከዛፎቹ ኋላ እየራቀ ጠፋ።

እየወደቅኩ እየተነሳሁ ቁልቁል ሮጥኩ። እግራቸው ተሰብሮ ይሆን? ልጆቹስ? ዘንድሮም መቅረታቸው ነው? ሁለቱ ሐሳቦች ተፈራረቁብኝ።

መንገዱ ዳር፣ የበረዶ ክምር ውስጥ እስከ ደረታቸው ተቀብረው አገኘኋቸው። ባርኔጣቸው የለም።

«ተጎዱ ጋሼ?»

«ዝም በል፣ አውጣኝ።» ጎትቼ አወጣኋቸው። በረዶውን ቀስ ብለው አራገፉ። «የት ቀረህ?»

«ወደቅኩ።»

«ለምን አልያዝከኝም?»

«አፍሬ ነው። እርስዎን እንዴት አድርጌ ወገብዎን…»

ትክ ብለው አዩኝ።

«ልጆቹ እንዲህ ይተፋፈራሉ?»

«ኧረ እነሱማ ተጣብቀው ነው የሚወርዱት!»

«እንግዲያው ይሂዱ። ለእናቶቻቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።» ሸርተቴውን ራሳቸው አቀኑት። «አንተ ግን አሁን ከፊት ግባ። ክብሩን ታች ስንደርስ ትሰጠኛለህ።»

ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ወገቤን ጨምድደው ያዙኝ። በየመታጠፊያው እኔ መራሁ፣ እሳቸው በተረከዛቸው ፍሬን ያዙ። ሳንወድቅ ታች ደረስን።

እባካችሁ እናንተም በረዶ ሲጥል የምታከብሩትን ታላቅ ሰው ይዛችሁ ውጡና ሞክሩት። መሪውን የሚችል ይያዘው፣ የኋለኛው ደግሞ ሳያፍር ወገብ ይያዝ።