አባ ወልዴ የሰጡኝ ዱቄት

እኔ የምተዳደረው ቅጠል በመጭመቅ ነው። ቤተ ሙከራችን የባህል መድኃኒቶች ጭማቂ ሕዋሳት ወደ ካንሰር እንዳይለወጡ ይከላከል እንደሆነ ይፈትሻል።

አምና፣ እዚህ በቅድስቲቱ ከተማ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ካለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚኖሩትን መነኩሴ፣ አባ ወልዴን፣ ከመድኃኒታቸው እንዲሰጡኝ ስለምናቸው ከረምኩ። በጎንደር ሳሉ የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። በመጨረሻ የተወቀጠ ቅጠል በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ። ስሙን ብጠይቃቸው «ስሙ ምን ያደርግልሻል?» አሉኝ።

ከዚያ በፊት የሞከርነው ሁሉ ከንቱ ነበር። የእሳቸውን ግን ሦስት ጊዜ ፈተሽነው፤ ሦስቴም ሠራ። በመሞከሪያ ሳህን ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም፤ ቢሆንም አለቃዬ ውጤቱን ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ «ጆንያ ሙሉ አምጪ» አለኝ።

እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ስል ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ሠራ ነው የምትይኝ?»

«ሠራ፣ አባ።»

«ያው እኔ የሰጠሁሽ?»

«እሱው ነው። ምን አጠፋሁ?»

«ያጠፋሁስ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ ልጄ። መምህሬ መድኃኒቱን ለማንም እንዳላሳይ ገዝተውኛል። አንቺን ደግሞ ባዶ እጅሽን መመለስ ከበደኝ።»

«ታዲያ የሰጡኝ ምንድን ነው?»

በመቋሚያቸው ወደ ሃነቪኢም ጎዳና ጥግ አመለከቱኝ። ያሳዩኝ የአውቶቡስ ማቆሚያውን የቁጥቋጦ አጥር ነው፤ እኔ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ቅጠሉን እየበጣጠስኩ መሬት ላይ የምጥለው።