የባንቺዓለም ጃንጥላ

እናቴ ባንቺዓለም ገበያ የምትወጣው ሌላው ሰው ገበያን ሲረሳው ነበር። ቢቸና ውስጥ ሰው ሁሉ ለመስቀል የልጅ ልብስ ሊገዛ ሲጋፋ፣ የኛ በሐምሌ ተገዝቶ፣ ተሰፍቶ፣ ሣጥን ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል። ለፋሲካ ዶሮ የምትገዛው ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ቅቤ ደግሞ በጾሙ አጋማሽ፣ የሚቀምሰው ጠፍቶ ሻጩ ራሱ በሚለምንበት ጊዜ። ጎረቤቶቻችን በበዓሉ ዋዜማ በእጥፍ ዋጋ ሸምተው፣ ላብ በላብ ሆነው ሲመለሱ እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች። «በዓል የሚገዛው በጾም ነው» ትል ነበር። ቆንቋና የሚሏት አልጠፉም። ይበሉ! በኛ ቤት ለበዓል ጎድሎ ያየሁት ነገር የለም።

አባቴ ጓዴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ መኪናውን በረንዳ ላይ አውጥቶ ሲረግጥ የሚውል፣ ዝምተኛ፣ የሰው ገንዘብ የማይነካ ሰው። ለዚህ ታማኝነቱ ሲባል የሰፈራችን የቅርጫ ማኅበር የፋሲካውን በሬ ግዢ ለእሱ ሰጥቶ ነበር። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ መጠበቅና በሬ ማወቅ ምን አገናኛቸው? እናቴ ስትተርበው «ጓዴ የመርፌ ቀዳዳ በጨረቃ ያያል፤ በሬ ግን በጠራራ ፀሐይም አይታየውም» ትለዋለች። እሷ የጎንቻ ገበሬ ልጅ ናት፤ ከአባቷ ከብቶች መካከል ነው ያደገችው። ቢሆንም የሴት ዓይን ለበሬ ግዢ የሚጠራበት ዘመን አልነበረም።

ነገሩ የመጣው በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ በጃንሆይ ዘመን ነው። በዚያ ዓመት ፋሲካ አባቴ ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ፣ ጠጉሩ የሚያብረቀርቅ በሬ ነድቶ መጣና ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አደነቀ። ሲታረድ ሞራ የለው፣ ጮማ የለው። ሥጋው ቢታኘክ ቢታኘክ አልዋጥ አለ። የማኅበሩ ዳኛ አቶ ይርሳው ብስጩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቢላቸውን እየጠረጉ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ጓዴ፣ የከርሞው በሬ እንደዚህ ከሆነ ሌላ ማኅበር ፈልግ» አሉት።

ከቅርጫ መውጣት የሥጋ ማጣት ብቻ አይደለም። ከቅርጫው የወጣን ሰው ከሰርግና ከለቅሶ ምክርም ቀስ በቀስ ይተውታል። አባቴ ያንን ፋሲካ ሳይበላ ዋለ። እኔ በዚያን ጊዜ ለትዳር የደረስኩ ልጅ ነበርኩና ውርደቱ ይገባኝ ነበር። እናቴ ግን አላዘነችም፤ ተናደደች።

«ጨው አልሰው፣ ውሃ አጠጥተው የሸጡልህን ውሃ ነው ተሸክመህ የመጣኸው» አለችው። «ያ በሬ ከሰዓት በኋላ ቢታይ ሌላ በሬ ነበር። ከርሞ እኔም እሄዳለሁ።»

«ሴት ከብት ተራ ገብታ በሬ ስትዳስስ? አቶ ይርሳው ምን ይላሉ?»

«እኔ ከብት ተራ አልገባም። ቅቤ ልገዛ ነው የምሄደው።»

የመከሩትን ምክር እኔም የሰማሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። የማኅበሩ በሬ በሚገዛበት በሞጣ ገበያ ቅቤ ተራው ከከብት ተራው በላይ ዳገቱ ላይ ስለነበር፣ እዚያ የቆመ ሰው ታች ያለውን በሬ ሁሉ ያያል፤ ታች ያለውም እሱን ያያል። አባቴ ከአንድ በሬ አጠገብ ቆሞ ወደ ላይ ቀና ሲል፣ የእናቴ ጥቁር ጃንጥላ ከተዘረጋ ይግዛ፤ ከታጠፈ ይለፍ። ያቺን ጃንጥላ አባቴ ራሱ በትርፍ ጨርቅ ጠጋግኗት ስለነበር በሺህ ጃንጥላ መካከል ይለያታል።

በሚቀጥለው ዓመት በጾሙ አጋማሽ፣ በሬ በሚረክስበት ሰሞን፣ አባቴ፣ እናቴና አቶ ይርሳው በጭነት መኪና ተጭነው ሞጣ ወጡ። አቶ ይርሳው የሄዱት አባቴን አላምን ብለው ነው። «ዘንድሮ በዓይኔ አያለሁ» ብለው ከጎኑ ንቅንቅ አላሉም። በገበያው ቀን ማለዳ እናቴ ፊቴን ልታጠብ ብላ ወንዝ ወረደችና ከብቶቹ ውሃ ሲጠጡ አየች። አንድ ቀላ ያለ መጋላ በሬ ባለቤቱ ጨው እያላሰ ያጠጣዋል፤ በሬው ቀና ይልና መልሶ ይደፋል። ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ አመድማ ዳልቻ በሬ ቆሟል፤ ጎኑ ጎደል ያለ፣ ግን ደረቱ ሰፊ፣ የጭራው ሥር ወፍራም፣ ጠጥቶ ሲበቃው ፊቱን የሚያዞር። እናቴ ፊቷን ታጥባ፣ ምንም እንዳላየች ሆና ወደ ቅቤ ተራ ወጣች።

እንደፈራችው አቶ ይርሳው መጋላውን ገና ሲያዩት ወደዱት።

«በሬ ማለት ይሄ ነው! ጓዴ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

አባቴ ወደ ዳገቱ ቀና አለ። ጃንጥላዋ ታጥፋ በእናቴ ብብት ሥር ናት። «እስቲ እንዘዋወር» አለ። ነጋዴው ሌላ ገዢ እንዳለው ተናገረ፤ እውነትም ከቢቸና የመጡ የሌላ ማኅበር ሰዎች በሬውን እየዞሩ ያዩት ነበር። አቶ ይርሳው ጭንቅ ያዛቸው። ሰማዩ የጠቆረው በዚህ መካከል ነው።

የመጋቢት ዝናብ ሳይታሰብ ወረደ። ቅቤ ሻጮቹ ቅላቸውን አቅፈው ተሯሯጡ፤ ጃንጥላ ያለው ሁሉ ዘረጋ፤ ዳገቱ በአንድ ጊዜ ጥቁር በጥቁር ሆነ። እናቴ ግን ከመካከል ወጥታ፣ ከታች በምትታይበት በኩል ቀጥ ብላ ቆመች። ጃንጥላዋ እንደታጠፈች ናት። ዝናቡ በነጠላዋ ዘልቆ በቀሚሷ ላይ ይወርዳል።

አንዲት ቅቤ ሻጭ «እናንተ! ይህችን ሴትዮ እዩልኝ!» ብላ ጮኸች። «ምን ሆነሻል እቴ፣ ዘርጊው እንጂ!»

«አይ፣ ደህና ነኝ» አለች እናቴ።

«ጃንጥላው ተሰብሮ ነው?»

«ደህና ነው እሱም።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ እብድ መስላት አማተበች። ብትዘረጋው ምን እንደሚሆን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ባሏ በውሃ የተነፋ በሬ ገዝቶ ቢቸና ይገባል፣ በፋሲካ ዕለትም ቢላ እየጠረጉ ያሰናብቱታል። ዝናብ ምኗ ነው?

ታች አቶ ይርሳው የአባቴን ክንድ ይዘው ይነቀንቃሉ። «ግዛ! ሊወስዱብን ነው!»

አባቴ በዝናቡ ውስጥ ቀና ብሎ አየ። ያን ሁሉ የተዘረጋ ጃንጥላ አየና ከፊቱ የራሰችውን ሚስቱን አየ። «ያን ጊዜ» ይል ነበር ሲያወራ፣ «በራሴ አፈርኩ። እኔ ለራሴ ስም ያን ያህል አልጨከንኩም።» ዝምተኛው አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ፊት ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አልገዛም!»

መጋላውን የሌላው ማኅበር ሰዎች እዚያው ገዝተውት ሄዱ። አቶ ይርሳው ራሳቸውን እየነቀነቁ ተከተሉት። አባቴ በጭቃው ውስጥ ከበሬ ወደ በሬ ሲሄድ፣ ከአንዱ ዘንድ ቆሞ ቀና ሲል፣ ጃንጥላዋ እንደታጠፈች ስትሆን፣ ሲያልፍ፣ ዝናቡ አባራ። ሰው ሁሉ ጃንጥላውን አራግፎ ማጠፍ ሲጀምር አባቴ ከዳልቻው አጠገብ ደረሰ። እናቴ ያን ጊዜ ዘረጋች። ቅቤ ሻጮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አባቴ ግን በሬውን ገዛ።

አቶ ይርሳው በደብረ ወርቅ በኩል ቢቸና እስኪገቡ ለአባቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ተጓዙ አሉ፤ እናቴን ደግሞ ጉንፋን ድምፅዋን ዘጋት። ሰፈሩ ዳልቻውን ሲያይ «ለገዳም ነው የገዛኸው?» እያለ አሾፈ። እሷ ግን የጎረቤቱን አተላ ሁሉ ለምና፣ ገብስ ቀቅላ፣ እስከ በዓሉ ድረስ በእጇ ቀለበችው። ስታጎርሰው ታወራዋለች። ለእኔ ያን ያህል አውርታልኝ አታውቅም።

የፋሲካ ማለዳ ዳልቻው ታረደ። ቆዳው ሲገፈፍ መጀመሪያ ጠጋ ብለው ያዩት አቶ ይርሳው ናቸው፤ ቀጥሎ ሁሉም ተጠጋ። ሞራው እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ነበር። ጮማው ቢላ ያዳልጥ ነበር። ወዲያ ማዶ መጋላውን ያረዱት ሰዎች ድምፃቸው አልተሰማም፤ እኔም ስለእነሱ ክፉ አልናገርም፣ ዓመት በዓል ነው።

«ጓዴ፣ ዓይንህ በራ!» አሉ አቶ ይርሳው። «ባለፈው የተናገርኩህን ይቅር በለኝ። ሻኛው ከዕጣው ይውጣና ለገዢው ይሁን!» ሰው ሁሉ «ይገባዋል!» አለ።

አባቴ ያን ሻኛ ይዞ ቢገባ ማንም አያውቅበትም ነበር፤ ስሙ ታድሷል፣ ምክሩም የሁለቱ ብቻ ነው። እሱ ግን ወደ ቤት ገባ። ሲወጣ ያቺን የጠጋገናትን ጃንጥላ ይዟል። ሥጋው በተደረደረበት ቅጠል ላይ፣ ከሻኛው አጠገብ አጋደማት።

«ገዢዋ ባንቺዓለም ናት» አለ። «እኔ ገንዘቡን ነው የያዝኩት።» ከዚያም የወንዙን፣ የዳገቱን፣ የዝናቡን ነገር ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣ ለዚያ ሁሉ ወንድ ተናገረ።

እናቴ ከበሩ ላይ ሆና ሰማችው። «ምነው አፍህን ብትሰፋው!» አለች፤ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። እኔም ቆሜ አለቀስኩ። በእናቴ ሴትነት ኮራሁ፤ ሚስቱን በአደባባይ ባከበረው አባቴ ደግሞ የበለጠ ኮራሁ። አቶ ይርሳው ጃንጥላዋን አንስተው አገላብጠው አዩና መልሰው አስቀመጧት።

በከርሞው የጾሙ አጋማሽ ሲቃረብ በራችን ተንኳኳ። አቶ ይርሳው ናቸው። አባቴ ሊቀበላቸው ተነሣ፤ እሳቸው ግን በእሱ ትከሻ ላይ አሻግረው እያዩ «ወይዘሮ ባንቺዓለም፣ ሞጣ የምንወጣው መቼ ነው?» አሉ።

በዚያ ዓመት እናቴ ከብት ተራ ገባች። ነጋዴዎቹ እያጉረመረሙ መንገድ ለቀቁላት፤ አቶ ይርሳው ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር። እሷ ጭራ እየያዘች፣ ቆዳ እየጎተተች ከበሬ ወደ በሬ ስትሄድ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ አባቴ ጃንጥላዋን ከላይዋ ዘርግቶ ይከተላት ነበር።