የጃፓኑ ጦር አዲስ ዘንግ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አባቴ ሾፌር ሳለ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ የሰጠው ጥንታዊ ጦር አለን። ዘንጉ ቢላላብኝ ጭሮ ከተማ ላሉት ብረት ቀጥቃጭ ለኦቦ ዩሱፍ ሰጠሁና «ማጥበቅ ብቻ! ሌላውን እንዳይነኩት!» ብዬ ሂርና ሄድኩ።

ስመለስ ያ የሚያምር ጥቁር ዘንግ የለም። ብረቱ በወይራ እንጨት ላይ ተሰክቶ እንደ መስታወት ያበራል።

«አሮጌው ዘንግስ?»

«ነቅዞ ነበር፤ አነደድኩት። ይሄንን የልጅ ልጅህም አይሰብረው።»

«ዘንጉ ውስጥ በሚገባው ብረት ላይ የተቀረጸውስ ጽሑፍ?»

«ከዝገቱ ጋር በሞረድ ፋቅኩት።»

«የሠራው ሰው ስም እኮ ነው! የጦሩ ክብር እሱ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። ገበያተኛው ከበበን።

ኦቦ ዩሱፍ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ለስም ነው እንዲህ የምትጮኸው? አይዞህ ልጄ፤ ወላሂ፣ የራሴን ጽፌበታለሁ።»