በሩን አልለጥፍም

ቶሎ ወልጄ ቶሎ አያት ሆኛለሁና፣ የልጅ ልጄ ጥፍሯን ስትቀባ የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ቦሌ ሚካኤል በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ፣ አባቴ አልጋ አጠገብ፣ ምላጭና ሙጫ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ የተቀመጥኩ ይመስለኛል።

አባቴ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ነበር። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ ሲያዝ፣ እናቴ ሱቋን ዘግታ መቀመጥ ስላልቻለች፣ ከመንታ ወንድሜ ከጌታሁን ጋር ስድስተኛ ክፍል ልንገባ ስንል እኔ ቀረሁ። ከአንድ ማህፀን በአንድ ቀን ወጥተን፣ እሱ ደብተር ይዞ ሲሄድ እኔ የሽንት ዕቃ ይዤ እመላለስ ነበር።

በጋው እንዲህ አለፈ። በፋሲካ ሰሞን፣ የአውሮፕላን አስተናጋጅ የነበረችው ጎረቤታችን ለአባቴ ከውጭ አንድ ትልቅ ካርቶን አመጣችለት። ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ሲገጣጠም፣ ሰው ወደ ጠፈር መውጣት በጀመረ ጊዜ የነበረው መንኮራኩር ትንሽ አምሳያ ይሆናል፤ ደወል የመሰለ፣ ትልቅ ድስት የሚያክል፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ። ጠፈርተኛው ራሱ መዳፌን ያህላል። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለነበር እሱ እያነበበ ያዘኛል፣ እኔ በምላጭ እየቆረጥኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስኩ እለጥፍ ነበር።

«አርባ ሁለትን ከአርባ ሦስት። ቀስ! አንቺ ልጅ፣ ሚስማር እየመታሽ ነው እንዴ?» ይለኝ ነበር። ከሕመሙ ወዲህ ቃሉ ስለሚጎተት ንግግሩ በደንብ የሚገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ክረምቱ ሲገባ ቆርቆሮው በዝናብ እየጮኸ፣ ጭቃው ደጃፍ ድረስ እየመጣ፣ ቀኑን ሙሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ተዘግተን እንውል ነበር። አንድ ቀን ጠፈርተኛውን ወንበሩ ላይ ለጥፌ «ይሄ ሰውዬ እንዴት ይወጣል?» አልኩት።

«ከውጭ ነው የሚከፍቱለት። እስከዚያ ይቀመጣታል!» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እሱን ደስ ሲለው እኔንም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ያ ካርቶን ከመጣ ወዲህ ስለ ትምህርቴ ያነሳ ሰው የለም። እናቴን ስጠይቃት «እጁ ሆነሽለት የለ? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» ትለኝ ነበር።

ለእንቁጣጣሽ የድሮ የሥራ ጓደኞቹ ሊጠይቁት እንደሚመጡ ሲሰማ ሥራው ተጣደፈ። በዋዜማው የቀረው የመንኮራኩሩ በር ብቻ ነበር። አነሳሁና በጡጫዬ ጨበጥኩት።

«በሩን አልለጥፍም» አልኩት።

«ምን?»

«ምዝገባ ሰኞ ያልቃል። ጌታሁን የጠዋት ፈረቃ ይማር፣ እኔ የከሰዓቱን። ከሰዓት እሱ እዚህ ይቀመጥ።»

ጌታሁን ከደጃፍ «እኔ ከሰዓት ኳስ አለብኝ!» አለ።

«እሱ የነካው ሁሉ ይሰበራል» አለ አባቴ።

«እኔም ሰብሬያለሁ። ጮኸህብኝ ነው የለመድኩት። እሱም ላይ ጩህበት።»

እናቴ «ባለጌ! በሽተኛ ነው የምትከራከሪው?» ብላ ጡጫዬን ልታስለቅቀኝ ስትነሳ፣ አባቴ በግራ እጁ አስቆማት። ጡጫዬን አየ።

«ጌታሁን፣ ና እዚህ ተቀመጥ» አለ። «አንቺ፣ ምላጩ እንዴት እንደሚያዝ አሳዪው።»

ሁለት ዓመት በፈረቃ ተማርኩ። ከዚያ አባቴ ሲብስበት ጌታሁን ትምህርቱን ቀጠለ፣ እኔ ከስምንተኛ ክፍል ደጃፍ ተመልሼ እስኪሞት ድረስ አጠገቡ ሆንኩ፤ ያኔ የምይዘው በር አልነበረኝም።

አሁን አልጋ የያዘችው እናቴ ናት። ከሰዓት የጌታሁን ተራ ነውና፣ ወገቤን ቢል ጉልበቴን ቢል አልሰማውም፣ ከገርጂ በታክሲ እየተነጫነጨ ይመጣል። እሱ ሲገባ ነጠላዬን አንስቼ እወጣለሁ። ልጄ «እማዬ፣ ደሞ የት ልትሄጂ ነው?» ትለኛለች። የምሄድበት የለኝም። ያኔ ደጅ ለመውጣት መከራከር ነበረብኝ፤ ዛሬ ማንም አይከለክለኝም፣ እግሬ ግን ከአስፋልቱ አያልፍም።