በጅቡቲ ሐሩር ብርድ ሊገድለን

ነገሩ የደረሰብኝ ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሐምሌ ላይ፣ ጅቡቲ ከተማ ነው። «ጅቡቲ ሄጄ በብርድ ልሞት ነበር» ስል የማይስቅ ሰው የለም። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ ቀጥሎ የሆነውን ግን ለብዙ ሰው አልተናገርኩም፤ ከልቤ ያልወጣው እሱ ነው።

የሄድነው ለጋዜጠኞች ሥልጠና ነበር። ንግድንና የአየር ንብረት ለውጥን አያይዞ መዘገብን ነበር የሚያስተምሩን። እኔ የሬዲዮ ሰው ነኝ። ከእኔ ጋር የተመደቡት ጋሽ ተሾመ ደግሞ የጋዜጣ ሰው ናቸው፤ ስድሳን የተሻገሩ፣ ልባቸውን የሚያማቸው፣ አፋቸው ግን የማያርፍ። አሠልጣኛችን ሙቀቱ ነጋዴውን ምን እንደሚያደርገው ከራሱ ከነጋዴው ስሙ ብሎ አሰማራን። ለእኛ የደረሰን ወደቡ አጠገብ ያለ የዓሣ ማቀዝቀዣ ቤት ነው።

ባለቤቱ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ስለሆነ አማርኛ ይችላል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ሞተሩ ዕረፍት እንደሚያጣ፣ ዓሣውም ከጀልባ ሳይወርድ እንደሚበላሽበት አጫወተንና ለሠራተኛው አደራ ሰጥቶን ምሳውን ሊበላ ሄደ። እዚያ ላይ ጨርሰን መውጣት እንችል ነበር። እኔ ግን የሞተሩን ድምፅ ከውስጥ ካልቀዳሁ አልኩ። የሬዲዮ ሰው አመል ነው፤ ኮሽታ እንኳ ሲገባበት አንወድም። ከጋሽ ተሾመ ጋር ማቀዝቀዣው ክፍል ውስጥ ገባንና በሩን እንዲዘጋልኝ፣ ሰውም ዝር እንዳይል እንዲጠብቅ ሠራተኛውን በምልክት ለመንኩት። እሱም ዘጋልን።

በዚያ ከተማ ቀትር ላይ ጫት ሲገባ ሥራ ቀጥ እንደሚል አላወቅሁም። የጫት መኪናው ጡሩምባ ሲሰማ የኛው ሰው ለዘበኛ ጓደኛው ትቶን ሮጠ። ጓደኛው ደግሞ ዝም ስላልን የወጣን መስሎት መቀርቀሪያውን ወርውሮ ተከተለው። ይህን የሰማነው በኋላ ነው።

ቀድቼ ስጨርስ በሩን ገፋሁ። ንቅንቅ አላለም። የውስጡን እጀታ ስጎትት ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ሞባይላችን ኔትወርክ የለውም። እኔ ስስ ቀሚስ፣ ጋሽ ተሾመ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነው የለበስነው። እሳቸው መጀመሪያ «ዓሣ ናቸው ብለው እንዳይሸጡን» እያሉ ቀለዱ።

ትንሽ ቆይቶ ቀልዱ ቀረ። ከንፈራቸው ጠቆረ፤ ደረታቸውን ይዘው ሣጥን ላይ ተቀመጡ። መድኃኒታቸው ሆቴል ነው። በሩን በእጀታው ብረት ደበደብኩ፤ ከበላዩ ያለው ሞተር ጩኸቴን ሁሉ ዋጠው። ጋሽ ተሾመ መናገር ሲያቅታቸው በእጃቸው ከሞተሩ ራቅ ወዳለው የኋላ ግድግዳ ጠቆሙኝ። ሄጄ እሱን መደብደብ ጀመርኩ፤ «የሰው ያለህ!» እያልኩ። እጄ ደነዘዘ፤ ጣቶቼ ብረቱን መያዝ እስኪያቅታቸው ድረስ መታሁ።

ከማዶ አንድ ሰው መልሶ መታ።

ጋሽ ተሾመን እየጎተትኩ ወደ በሩ ተመለስኩ። ከውጭ በኩል የሴት ድምፅ፣ «ሀበሻ ናችሁ?» አለ።

«ሀበሻ ነን፤ ክፈችልን፣ ሰው ሊሞትብኝ ነው።»

«እህቴ፣ ሌባ ይሉኛል እኮ። ወረቀት የለኝም» አለች። በሩን ደጋግሜ መታሁ። ሄደች ብዬ ተስፋ ስቆርጥ መቀርቀሪያው ተላወሰ።

ፀሐይ ላይ አስተኛናቸው። ሴትዮዋ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሻሿን ፈትታ እግራቸውን ጠቀለለችና እጃቸውን ታሽ ጀመር። ወዲያው ዘበኛው ጉንጩን በጫት ሞልቶ ሲመለስ ያያት እሷን ነው፤ በሱማልኛ እየጮኸ ክንዷን ያዘ። እኔም ሌላውን ክንዷን ይዤ አልለቅም አልኩ። የፈራችው ደረሰ። ባለቤቱ ተጠርቶ መጥቶ አስለቀቃት። ይቅርታ ጠየቃትና ለጋሽ ተሾመ መኪና ሊያመጣ ወጣ።

ሐዋ እባላለሁ አለችን፤ ከወሎ የመጣች ናት። ወደ የመን የሚሻገሩበትን ጀልባ እየጠበቀች ነው። ቀን ቀን እዚያ ግድግዳ ሥር የምታርፈው ስለሚቀዘቅዝ ነው። እኛ ለምን እንደመጣን ነገርኳትና «አገርሽ ተመለሺ» አልኳት።

«ዝናቡ እምቢ አለን፤ ከብቱም አለቀ። ምን ይዤ ልመለስ?» አለችና አየችኝ። «የአየር ነገር ትማራላችሁ ነው ያልሽኝ? እስቲ ንገሪኝ፣ ባሕሩ በዚህ ወር እንዴት ነው?»

ሳምንቱን ሙሉ ስለ ባሕር ሙቀት ስማር ነበር የሰነበትኩት። አላውቅም አልኳት። አፈርኩ። «ምንም አይደል» ብላ ሻሿን አሰረችና ሄደች።

ጋሽ ተሾመ ሐኪም ቤት አድረው ተሻላቸው። በማግስቱ አሠልጣኙን ጠየቅሁት፤ ሐምሌ ነፋሱ የሚበረታበት፣ ጀልባ ለሚሻገር ክፉ ወር መሆኑን ነገረኝ። ሥልጠናውን ጥዬ ወጣሁ። የኛ ሰዎች የሚበሉባቸውን ቤቶች እየጠየቅሁ ካርቲየ 4 የሚባለውን ሰፈር ዞርኩት። አንዷ ባለ ምግብ ቤት፣ «የወሎ ልጆቹ ትናንት ማታ ለጀልባው ተነሥተዋል» አለችኝ።

ደርሳ እንደሆነ አላውቅም። ሌባ እንዳይሏት እየፈራች ከፈተችልን፤ እኔ ደግሞ የጠየቀችኝን አንዲት ነገር አጣሁላት። ይህን ሳስብ ዛሬም ይጨንቀኛል። ከዚያ ወዲህ የዚያን ባሕር ነፋስ በየወሩ አጥንቼዋለሁ፤ ማንም ቢጠይቀኝ እነግረዋለሁ። እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።